ለልጄ፦ መጀመሪያ አበዳሪውን ፈልጊ

ውድ ልጄ፣

የድርጅታችሁ መሥራች ስም ከስኳር ባለርስቶች ዝርዝር ውስጥ ስለጠፋ ብቻ «ገንዘቡ ከባርነት ንጹሕ ነው» ብለሽ ሪፖርቱን ልትዘጊ ቸኩለሻል። ቆይ እስቲ፤ አበዳሪዎቹንስ አየሽ? (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ።)

የካሪቢያን እርሻ በብድር የሚኖር ነበር። ባለርስቱ ስኳሩ ለንደን ደርሶ እስኪሸጥ ይበደራል፤ መያዣው መሬቱና በላዩ የሚሠሩት ሰዎች ናቸው። ብድሩ ሲበላሽ ሰዎቹም ለአበዳሪው ያልፋሉ። በ1770ዎቹ የእንግሊዝ ባንክ ለአንድ የንግድ ቤት ያበደረው ሳይመለስ ሲቀር፣ ግሬናዳ ውስጥ ሁለት እርሻ ከ599 ባሮች ጋር እጁ ገባ።

የብሪታንያ ፓርላማ በ1833 ባርነትን ሲሽር የመደበው 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ለጌቶች ነው፤ ለባሮቹ ቤሳ አልደረሳቸውም። 15 ሚሊዮኑን መንግሥት በ1835 ከናታን ሮትሽልድና ከሞሰስ ሞንቴፊዮሬ ተበደረ። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። ከዚያ በፊት ለንደን ግብር የከፈለ አበሻ ሁሉ ሳያውቀው አዋጥቷል!

አበዳሪዎችም በመያዣቸው ካሳውን ይጠይቁ ነበር። ስለዚህ ካሳ የጠየቁትን ሰዎች በሚዘረዝረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የመረጃ ቋት ውስጥ ከስሙ ጎን ያለውን ሚና አንብቢ። ባለአደራ ወይም የኑዛዜ አስፈጻሚ ከሆነ ለሌላ ሰው ተቀብሎ ሊሆን ይችላል፤ በራሱ ሀብት ላይ አትደምሪበት። ሞክሼም ያሳስታል፤ አያቱም አባቱም ልጁም ዊልያም የሆነ ቤተሰብ ሞልቷል። የሞተበትን ዓመትና አድራሻውን ከኑዛዜው ጋር አስተያዪ።

የድርጅቱንም ስም ፈልጊ። ክሪስቶፈር ኮድሪንግተን በ1710 ሲሞት የባርቤዶስ እርሻዎቹን ወንጌል ለሚያስፋፋ የአንግሊካን ማኅበር ተናዘዘ። ማኅበሩም ባለባሪያ ሆነ፤ ስሙ በጋለ ብረት ባሮች ደረት ላይ ታተመ፤ በኋላም ከ8,800 ፓውንድ በላይ ካሳ ተቀበለ።

«ሳውዝ ሲ» የሚል የእንግሊዝ የንግድ ኩባንያ ስም ካገኘሽ ደግሞ አክሲዮን ይሁን አኑይቲ (ቋሚ ወለድ የሚከፈልበት ሰነድ) ለይተሽ ጻፊ። ኩባንያው በስፔን ውል ባሮች ያጓጉዝ ነበር፤ በ1723 ግን ካፒታሉ ለሁለት ተከፍሎ፣ አኑይቲው ከመንግሥት በሚመጣ ወለድ ብቻ የሚከፈል ሆነ። የታሪክ ሰዎች ገንዘቡን በዚህ አኑይቲ ባስቀመጠው በንግሥት አን የካህናት መደጎሚያ ፈንድ ላይ የሚከራከሩት በዚህች ልዩነት ነው። እኔ ልዩነቱ ፈንዱን ነጻ ያወጣዋል አልልም፤ ካልጻፍሽው ግን ሪፖርትሽን በአንድ ጥያቄ ይጥሉታል።

የካሳ ኮሚሽኑ ሰነዶች ለንደን ኪው፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ቲ 71 በሚለው ምድብ ናቸው። እስክሪብቶ አያስገቡም፤ እርሳስ ያዢ።

እናትሽ