ለትምህርት ቤቶቻችንም ቀኑ የማይዛነፍ ግጥሚያ ይኑራቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ማርቆስ ነው ምጽፍላችሁ፣ የስፖርት መምህር ነኝ። ጋዜጣችሁን ስገዛ መጀመሪያ ምገልጠው የስፖርት ገጹን ነው፣ እሱ ላይ ደሞ አርሴናል አለ፣ ማንቼ አለ፣ ዝውውር አለ፣ ልጆቹም እኔም እንወደዋለን፣ ግን የኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እርስ በርስ ስለሚያደርጉት ግጥሚያ አንድ መስመር አይጻፍም። ጥፋቱ የናንተ ብቻ አይደለም፣ ሚጻፍለት ቋሚ ግጥሚያም የለንም እኮ። ለዛ ነው ዛሬ ስለ አውስትራሊያ ተማሪዎች ራግቢ ላወራችሁ የፈለኩት፣ ነገሩ ሩቅ ቢመስልም እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ራግቢን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፣ ኳሷ ሞላላ ናት፣ በአንድ ቡድን 15 ሰው ይሰለፋል፣ በእጅ ወደፊት ማቀበል ክልክል ነው፣ ወደ ኋላ ነው ሚያቀብሉት፣ ወደፊት መሄድ የፈለገ ይዞ ይሮጣል ወይ በእግሩ ይመታታል፣ ይዞ ሚሮጠውን ደሞ ተጋጣሚው ጠምጥሞ ይጥለዋል። ከተጋጣሚው የመጨረሻ መስመር አልፎ ኳሷን መሬት ያስነካ 5 ነጥብ ያገኛል። ሲድኒና ብሪስቤን ላይ ይሄ ጨዋታ ሥሩ ያለው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ሲድኒ ላይ በፈረንጆቹ 1892 የተመሠረተ የትምህርት ቤቶች ማኅበር አለ፣ አድዋ ከመሆኑ 4 ዓመት በፊት ማለት ነው፣ ዛሬ አባሎቹ 9 ናቸው። ከነሱ ውስጥ ኪንግስ ስኩል ሚባለው ከ1831 ጀምሮ ያለ ነው፣ ዋንጫ በመሰብሰብ ደሞ ሴንት ጆሴፍስን ሚያክል የለም። ብሪስቤንም የራሷ ማኅበር አላት፣ በ1918 የተቋቋመ፣ እዛም 9 ትምህርት ቤት ነው፣ የዋንጫው ንጉሥ ነጂ ሚባል ኮሌጅ ነው።

አንድ ብሪስቤን ሚኖር ዘመዴ በቴሌግራም ቪዲዮ ልኮልኝ ነበር። ግጥሚያው ሊጀመር ሲል ነው የተቀረጸው። ትንንሾቹ ተማሪዎች ሸንተረር ያለው ኮት ለብሰው ግራና ቀኝ ተሰልፈው መሀላቸው ቀጭን መንገድ ትተዋል፣ አንዱ ትልቅ ልጅ ፊት ቆሞ ያወርዳል፣ ሌላው ሁሉ ባንድ ድምፅ ይቀበለዋል፣ ሽለላ በሉት፣ ጎጃሜ ለሆነ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አንድ 12 ዓመት ቢሆነው ነው ምለው ልጅ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣ ድምፁ ተዘግቶበት፣ አሁንም ይጮኻል። ከዛ ዋናው ቡድን በዛች ቀጭን መንገድ እየሮጠ ወደ ሜዳ ይወጣል፣ ሲያልፉ ትንንሾቹ ጀርባቸውን መታ መታ ያደርጓቸዋል። ይቺን ቪዲዮ ለተማሪዎቼ አሳየኋቸው፣ ስለ ጨዋታው ሕግ ማንም አልጠየቀኝም፣ የጠየቁኝ "ቲቸር እኛስ ከማን ጋር ነን?" ብለው ነው።

መልስ አልነበረኝም። ይሄን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይሄ ጥያቄ ነው።

እነሱ ጋ "ከማን ጋር ነን" ሚለው ገና ልጁ ሳይወለድ የተመለሰ ነገር ነው። ፕሮግራሙ ቀድሞ ይታወቃል፣ ሲዝኑ በነሱ ክረምት ነው፣ የኛም ክረምት ሲሆን ማለት ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወታሉ። ጠዋት የ13 ዓመት ልጆች ይጀምራሉ፣ እነሱም አንድ ቡድን ብቻ አይደሉም፣ አንደኛ ቡድን፣ ሁለተኛ ቡድን፣ ሦስተኛ እያለ ይቀጥላል፣ ከዛ 14 ከዛ 15 እያለ ከፍ ይላል፣ ከሰዓት ሲሆን የትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ቡድን ይገባና በመጨረሻ ዋናው ይገባል፣ ጠዋት የተጫወተው ልጅ ሁሉ ታጥቦ ለብሶ ሊደግፍ ይቆማል። ስለዚህ ያ ድምፁ የተዘጋበት ልጅ ተመልካች ብቻ አይደለም፣ እሱም በጠዋት ለዛው ማሊያ ተጋጭቶለታል። ከግጥሚያው በፊት ደሞ ማሊያ የማስረከብ ሥርዓት አላቸው፣ ድሮ የተጫወተ ሰው መጥቶ ለልጆቹ አንድ በአንድ ያድላቸዋል። አባትም አያትም እዛው ትምህርት ቤት ተጫውተው ሊሆን ይችላል፣ ዛሬ ሽማግሌ ሆነው መጥተው ያን ጊዜ ስንት ለስንት እንደተለያዩ ይከራከራሉ።

ይሄ እኮ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ገና ሲመጣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ዱላውን ይዞ ሜዳ ሲወርድ ያላየ ጎጃሜ የት አለ፣ ሩሯ እየበረረች ቁርጭምጭሚት ብታገኝም በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ነው፣ ሲያልቅ ያሸነፈው በተሸነፈው ላይ ግጥም ያወርድበታል፣ ተሸናፊውም "ለከርሞ እንተያያለን" ብሎ ይዝታል። "ለከርሞ" ሊል የቻለው ቀኑ ስለማይቀር ነው፣ ታኅሣሥ 29ን ማንም በደብዳቤ አይሰርዘውም። አውስትራሊያዎቹም የያዙት ይቺኑ ነው፣ ገንዘብ አላቸው፣ ሜዳቸው እንደ ምንጣፍ ነው፣ አዎ፣ ግን ፉክክሩን ከመቶ ዓመት በላይ ያቆየው የተሸነፈው ልጅ መልሶ ሚገጥምበትን ቀን ማወቁ ነው ብዬ አምናለሁ።

የኛን ደሞ እዩት። የትምህርት ቤቶች ውድድር አለ ተብሎ ደብዳቤ ሚመጣው አንዳንዴ ሳምንት ሲቀረው ነው። እሩጥ እሩጥ ተብሎ 18 ልጅ ይመረጣል፣ ማሊያ ከዚህም ከዛም ይለቃቀማል፣ አንድ ሁለት ጨዋታ ይደረግና የተሸነፈ ወደ ቤቱ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደሞ በጀት የለም ይባላል ወይም ተጋጣሚው ሌላ ነው። ከ18ቱ ውጪ ያለው ተማሪ በሺ ሚቆጠረው፣ ትምህርት ቤቱ መጫወቱንም አይሰማ። የኛ ሜዳ ጎሉ ከባሕር ዛፍ የቆመ ነው፣ መረብ የለውም፣ ስለዚህ ገብታለች አልገባችም ሚለው ክርክር ከጨዋታው ይረዝማል፣ እሱን ቻልነው፣ ያልቻልነው ሚጠበቅ ቀን ማጣቱን ነው። በዛ ላይ እነዚህ ያለፉ ዓመታት ትምህርት የተቋረጠባቸው፣ ልጆች ቤታቸው የዋሉባቸው ወረዳዎች ብዙ ናቸው፣ ይሄን ሁላችንም ምናውቀው ሐዘን ነው። ልጁ ወደ ክፍል ሲመለስ ከደብተሩ ሌላ "ይሄ ትምህርት ቤት የኔ ነው" ሚያሰኘው ነገር ያስፈልገዋል ብዬ ነው ምከራከረው።

የገጠር ልጆቻችንን ነገር ደሞ ለብቻው ላንሳው። ሴንት ጆሴፍስ ትልቅ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፣ ከሩቅ እርሻና ከብት ርቢ አካባቢ የመጡ ልጆች እዛው እየኖሩ ይማሩበታል፣ ያ ማሊያ ለነሱ ቤት ነው። የኛዎቹ የገጠር ልጆች ከተማ መጥተው አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው፣ ዓርብ ማታ ወይ ቅዳሜ በእግራቸው ወደ ቤተሰብ ሄደው፣ እሁድ ዳቦውን በሶውን ተሸክመው ሚመለሱ ናቸው። እነዚህ ልጆች ትንፋሻቸው ማያልቅ ሯጮች ናቸው፣ ግን ምርጫ ሚደረገው ቅዳሜ ከሆነ የሉም፣ ስንቅ ሊያመጡ ሄደዋል፣ ስለዚህ ቡድኑ ሁሌ የከተማ ልጅ ብቻ ይሆናል። ይሄ ያንገበግበኛል።

የአውስትራሊያው ሁሉም ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ማሸነፍ ሲበዛ ክብር ሲበዛ፣ ግዙፍ ግዙፍ ልጆችን ከሌላ ትምህርት ቤት በስኮላርሺፕ እያስመጡ ማሰለፍ ተጀመረ ተብሎ እዛ ለዓመታት ጭቅጭቅ አለ፣ ልጆቻቸው በሰውነት ያነሱባቸው ትምህርት ቤቶች ልጅ ይጎዳብናል ብለው ከዋናው ምድብ ወጥተው ዝቅ ባለው ተጫውተዋል። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ደሞ ደህና ነኝ ቢልም ከሜዳ ይወጣል፣ ለሳምንታት አይጫወትም፣ ይሄን ሕግ አጥብቀውታል፣ እኛ ኳስ ላይ እንኳ ይሄን አናደርግም፣ ውሃ ተደፍቶበት ተነስ ግባ ነው ምንለው፣ መቅረት አለበት። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ደሞ ክፍያቸው የሀብታም ነው። ግን ሲድኒ ማትራቪል ሚባል የመንግሥት ትምህርት ቤት የተማሩ ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ፣ ማርክ፣ ግሌንና ጋሪ ኤላ፣ ከአገሬው ተወላጆች ከአቦርጂኖች ወገን ናቸው፣ በ1977 እና 78 ወደ አውሮፓ ሄዶ ሳይሸነፍ በተመለሰው የአውስትራሊያ ተማሪዎች ቡድን ውስጥ ሦስቱም ነበሩ። ማርክ ኋላ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ሆነ፣ በ1984 ደሞ ከእንግሊዝ፣ ከአየርላንድ፣ ከዌልስና ከስኮትላንድ ጋር በተደረጉት በአራቱም ጨዋታዎች ኳሷን ከመስመር አሳልፎ አስቆጥሯል። ድሃ ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት ምን ሊያፈራ እንደሚችል ሚጠይቀኝ ሰው ካለ እነሱን ነው ምጠራለት።

ታዲያ ምን ይሁን ነው ምትሉኝ። ራግቢ እናምጣ አላልኩም፣ ኳሱ ይበቃናል፣ ሩጫው ይበቃናል፣ ገናውም አለ። ምለው ጎረቤት የሆኑ ሁለት ሁለት ትምህርት ቤቶች ተስማምተው አንድ ቀን ይቁረጡና አይንኩት። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ጎረቤት ናቸው፣ ሽኩዳድና ዳሞት ሚባሉት ትምህርት ቤቶቻቸው ቢጋጠሙ አስቡት። እዚህ ደብረ ማርቆስማ አውቶብስም አያስፈልግ፣ ከተማው ውስጥ ያሉት በእግር መጥተው ይጋጠማሉ። ጉርብትናው ለምን አልክ ካላችሁ፣ የሲድኒው ማኅበር አባል የሆነው አርሚዴል ከሲድኒ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ በርቀቱ ምክንያት እንደሌሎቹ በየሳምንቱ አይጋጠምም፣ ርቀት እነሱንም ገንዘብ ያላቸውን አሸንፏል።

ቀኑን በተመለከተ ያሰብኩት አለ። ቅዳሜ ከላይ ባልኩት ምክንያት አይሆንም፣ ገበያም አለበት። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ ልጅ ሳይበላ ውሎ አይሮጥም። ስለዚህ ሐሙስ፣ የጥቅምት የመጨረሻው ሐሙስ ይሁን፣ ዝናቡ አቁሟል፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ የነቢያት ጾም አልገባም፣ አጨዳውም ገና ልጆቹን ከትምህርት አልጎተተም፣ ፈተናም ሩቅ ነው። ጠዋት የ9ኛ ክፍሎቹ፣ ከ9ኛ ክፍልም አንድ ቡድን ሳይሆን ሦስት አራት ቡድን፣ ሴቶቹም በራሳቸው ኳስና ቮሊቦል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ዋናው ቡድን ይግባ። ዳኛው ከሦስተኛ ትምህርት ቤት ይምጣ። ተጫዋች ከዛው ትምህርት ቤት ቢያንስ አንድ ዓመት የተማረ ይሁን፣ ይሄን ካሁኑ ካልጻፍነው እኛም ጋ ልጅ መነጣጠቁ ይጀመራል።

የድሮ ተማሪዎችንም ምለምነው አለ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተማረ፣ ቢቸና በላይ ዘለቀ የተማረ፣ ባሕር ዳር ጣና ሐይቅ የተማረ ሰው አዲስ አበባም ውጭ አገርም ሞልቷል፣ ለክፍል ማሠሪያ ሲጠየቁ አዋጥተው ያውቃሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። አሁን ምጠይቃቸው ብር ሳይሆን በዛ ቀን መገኘት ነው፣ መጥተው ማሊያውን በእጃቸው ለልጆቹ ይስጡልን።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ደሞ ጥያቄዬ ግማሽ ገጽ ነው። የመጀመሪያው ግጥሚያ ሲደረግ ውጤቱን፣ ያገባውን ልጅ ስምና የትምህርት ቤቱን ስም አትሙልን፣ በሚቀጥለው ጥቅምት ደሞ ከጨዋታው በፊት ያለፈውን ዓመት ውጤት ደግማችሁ አውጡት። ውጤቱን እኔው በዛው ማታ በስልክ እነግራችኋለሁ።

አክባሪያችሁ
የስፖርት መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ