ሙዚቃችሁን እንዳታሳጥሩት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ።

የላክህልኝን የድምፅ መልእክት ሰማሁት። ያ አሳታሚ ባንዳችሁን «ሃርድ ሮክ አይሸጥም፣ ዘፈኖቹን አሳጥሩ፣ ኪቦርድ ተጫዋች ጨምሩ» ማለቱ በጣም አናደደኝ። እስቲ ከመወሰናችሁ በፊት እዚሁ ቶሮንቶ የሆነውን ልንገርህ።

የቶሮንቶዎቹን የሮክ ባንድ ረሽን ታውቃቸዋለህ። ጌዲ ሊ ቤዝ እየተጫወተ ይዘፍን ነበር፣ አሌክስ ላይፍሰን ጊታር፣ ኒል ፒርት ድራም። በቃ፣ ሦስት ነበሩ። በ1975 በፈረንጆቹ ያወጡት ካሬስ ኦፍ ስቲል የተባለው አልበም ገበያ ላይ ወደቀ። የኮንሰርቱም ነገር ስለቀዘቀዘባቸው ራሳቸው ጉዞውን «የቁልቁለት ጉዞ» አሉት። ኩባንያው ደግሞ ረጃጅሙን ትታችሁ ሬዲዮ የሚያጫውተው አጭር ዘፈን አምጡ አላቸው። እነሱ ግን ከወደቅን አይቀር በራሳችን ሥራ እንውደቅ ብለው በ1976 ቶሮንቶ ሳውንድ ስቱዲዮ ገቡና፣ 2112 ለተባለው አልበም የሸክላውን አንድ ፊት ሙሉ ሃያ ደቂቃ ለሚያልፍ አንድ ሥራ ሰጡት። ባይሳካ ኒል አባቱ ወደሚሠሩበት የእርሻ መሣሪያ መሸጫ፣ አሌክስም ከአባቱ ጋር ወደ ቧንቧ ሥራ ሊመለሱ ነበር። ያ አልበም በአሜሪካ ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

አንድ ነገር ልብ በልልኝ። ማሰብ የጀመሩት ስቱዲዮ ገብተው አይደለም። አብዛኛውን በጉዞ ላይ፣ ሆቴል ክፍል ውስጥና ከመድረክ ጀርባ፣ በአኩስቲክ ጊታር ነው የሠሩት። ፕሮዲዩሰራቸው ቴሪ ብራውን ዘንድ ሲደርሱ ሥራው እጃቸው ላይ ነበር። እናንተም በሰዓት እየከፈላችሁ ዜማ አትፈልጉ፣ ልምምዱን ቤት ጨርሱት።

አሁን የጆሮ ማዳመጫህን አድርግና የዚያ ረጅም ሥራ ባለታሪክ የሆነው ሰውዬ ከፏፏቴ ጀርባ ጊታር የሚያገኝበትን ቦታ ስማው። ሰውየው ጊታር አይቶ አያውቅም። መጀመሪያ ውሃው ይሰማል። ከዚያ አሌክስ ክሮቹን ዝም ብሎ ይነካል፣ ቅኝቱ የተበላሸ ነው፣ ቀስ እያለ አንድ በአንድ ይቃኛቸዋል፣ ከዚያ ኮርድ ይወጣል፣ ከዚያ ዜማ ይሆናል። ሰውየው ሲማር በጆሮህ ታየዋለህ! አሳጥሩ የተባሉትን ቢሰሙ ኖሮ መጀመሪያ የሚቆረጠው ይሄ ነበር። ሁሌ እዚህ ጋ ስደርስ ሥራዬን አቆማለሁ።

ሰው መጨመር ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። የአልበሙን ሽፋን የሠራው ሂው ሳይም የረጅሙ ሥራ መግቢያ ላይ ሲንተሳይዘር፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ፣ ተጫውቶላቸዋል። ሙዚቃው ጠይቆ ነው እንጂ ነጋዴ አዝዞ አይደለም፤ ልዩነቱ እሱ ነው። መድረክ ላይ ደግሞ በዚያው ዓመት ሰኔ እዚሁ ቶሮንቶ ማሲ ሆል የሚባለው አዳራሽ ውስጥ ለሦስት ሆነው አብዛኛውን ተጫወቱት፣ እሱንም ቀድተው አወጡት። ለሦስት ሰው የሚያንስ ነገር የለም።

ይቺን ለእማዬ አንብብላት። የጌዲ ወላጆች ኦሽዊትዝ ከተባለው የናዚዎች የሞት ካምፕ የተረፉ የፖላንድ አይሁዶች ነበሩ፣ አሌክስም የሰርብ ስደተኞች ልጅ ነው። የጌዲ አባት ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ሞቱ። እናቱ ሱቅ እየነገዱ አሳደጉት፣ ትምህርቱን ለሙዚቃ ሲተው በጣም ከፍቷቸው ነበር። በኋላ ግን የሱቃቸውን መስኮት በእሱ ባንድ ፖስተር ሞሉት። እማዬ፣ አንቺም ስለ ልጅሽ የምትሰጊው ይገባኛል። ይሄ ልጅ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ነገር አላየም፣ እባክሽ አንድ ዓመት ታገሺው።

ለስቱዲዮ የሚሆን ትንሽ ብር ልኬያለሁ። ለቤት ኪራይ እንዳታደርገው፣ ለእሱ ለብቻው እልካለሁ። ለድራም ቀረጻው ጥሩ ክፍል ያዙ፣ እዚያ ላይ አትቆጥቡ። ረጅሙን ዘፈን ምንም ሳትቆርጡ ሚክስ ሳይደረግ ላኩልኝ፣ ዛሬ ማታ ቢሆን ደስ ይለኛል።

የምትናፍቅህ እህትህ፣ ከቶሮንቶ