ስለ አባትህ ሳል

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ፣

ለአንተ፣ ለባለቤትህና ለልጆቹ የከበረ ሰላምታዬን አስቀድሜ ይህን ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ። ከአባትህ አርባ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሳንለዋወጥ መቆየታችን ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት አንድ ልብ ወለድ ጽፌ ስለጨረስኩ ነው፤ ያንተን ፈቃድ ሳላገኝም ለማንም ላሳየው አልፈልግም።

ልብ ወለዱ ቀለል ያለና የሚያስቅ ነው፤ የሚተርከው ግን በቆሽት ካንሰር ተይዞ የመጨረሻ ወራቱን ከዚራ ባለው ቤቱ ስለሚያሳልፍ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ይህን ስታነብ ምን እንደሚሰማህ እገምታለሁ፤ እባክህ እስከ መጨረሻው ታገሠኝ።

የታሪኩ መነሻ አንተም የምታውቀው ልማዳችን ነው። ሐኪሙ በሽተኛውን ትቶ ታላቁን ልጅ ወደ ኮሪደር ይጠራዋል፤ ልጁ ለእናቱ፣ እናቱ ለእህቷ፣ እህቷ ለዕድሩ ዳኛ እያለ ወሬው ከከዚራ ተነሥቶ ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ ሲደርስ፣ ያልተነገረው አልጋው ላይ የተኛው ሰው ብቻ ይሆናል። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ገላውን ሲያሳክከው «የወፍ በሽታ ነው፣ ያልፋል» ይሉታል፤ ቢጫነቱ ዕጢው የሐሞት መውረጃውን ሲዘጋው የሚመጣ ስለሆነ ግማሹን እውነት ነግረውታል ማለት ይቻላል። ጠያቂ ሁሉ በር ላይ እንባውን ጠርጎ «ዛሬማ ፊትህ በርቷል!» እያለ ይገባል። ሰውየው ግን የምርመራ ወረቀቱን ገና በመጀመሪያው ቀን አንብቦታል። «ባቡሩ በዘገየ ቁጥር ቆሽቴ ሲያርር ኖሮ እንዴት አይታመም!» ይላል፤ ይህንንም የሚናገረው ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሲቀር ነው፤ ማወቁን ቤተሰቡ ከሰማ ይሰበራል ብሎ ይፈራልና።

እነርሱ ከእርሱ ይደብቃሉ፣ እርሱም ማወቁን ከእነርሱ ይደብቃል፤ የመጽሐፉ ሳቅ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ሕመሙ በሚበረታባቸው ገጾች ላይ አንድም የሚያስቅ ነገር አላስገባሁም፤ ያን ያየ ሰው ሊቀልድበት አይችልም። ሞትን ከባቡር ጉዞ ጋር ያመሳሰልኩባቸውን ሁለት ገጾችም ሰርዣቸዋለሁ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ስለደረሰ በተቆረቆረች ከተማ ውስጥ ለሚጽፍ ሰው ይህ ምሳሌ ሳይለፋበት የሚመጣለት ነው።

ይበልጥ የደከምኩበት ምዕራፍ ስለ መድኃኒቱ የሚተርከው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው መመሪያ፣ የካንሰር ሕመም ማስታገሻ ሕመሙ እስኪነሣ ሳይጠበቅ ሰዓቱን ጠብቆ፣ ከተቻለም በአፍ እንዲሰጥ መክሯል፤ የሞርፊን ሽሮፕ በየ4 ሰዓቱ የሚሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። የባለታሪኬ ልጆች ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በሙቅ ውሃ ነክረው በጥፍራቸው ይፍቁና «የሳል ሽሮፕ ነው» ይሉታል። ሰውየው ግን ሳል የለበትም። ውሸታቸው እንዳይጋለጥባቸው ስለሚሳሳላቸው፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንኳ ልጅቷ ማንኪያውን ይዛ ስትመጣ ሁለት ጊዜ ይስልላታል። ሳሉን የሰማች ጎረቤት ዝንጅብል በማር ታመጣለች፣ ሌላዋ ዳማከሴ ጨምቃ ትመጣለች፤ ውሎ አድሮ ሰፈሩ ሁሉ «ሳሉ ብቻ በለቀቀው» ማለት ይጀምራል።

ወንድሜ፣ ይህን ሳል እኔ አልፈጠርኩትም። የአባትህ ነው። ጠርሙሱን የፋቅኩትም እኔ ነኝ፤ ሙጫው ጥፍሬ ሥር ገብቶ እስከ ማታ አልለቀቀኝም ነበር። በዚያ ሐሙስ ምሽት ሙቀቱ ስለበረታ አልጋቸውን አውጥተን ግቢው ውስጥ ኒም ዛፉ ሥር አስተኝተናቸው ነበር። እህትህ ማንኪያውን ይዛ መጣች፤ ሁለቴ ሳሉና ዋጡላት። እርሷ ወደ ቤት ከገባች በኋላ ወደ እኔ ዞረው «እንዳይከፋት ብዬ ነው» አሉኝ። ሁሉን ያውቁ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጥቂት ቆይተው «ልጄስ መቼ ነው የሚደርሰው?» ሲሉኝ «መንገድ ላይ ነው» አልኳቸው።

መንገድ ላይ አልነበርክም። በዋዜማው ከባሕር ዳር ስትደውልልኝ «ደም ግፊታቸው ትንሽ ከፍ ብሏል፣ አትቸኩል» ያልኩህ እኔው ነኝ። እሑድ ስትደርስ በር ላይ ድንኳን ተተክሎ አገኘህ። «እንዳትደነግጥ ብለን ነው» ያልኩህን ቃል ዛሬ አልደግመውም፤ አባትህን የመሰናበት ዕድልህን ነጥቄሃለሁና ይቅርታህን እለምናለሁ። አንተን እንደጠሩህም እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

በመጽሐፉ ውስጥ ልጁ ቅዳሜ ማታ ይደርሳል። አባትየው እንደ ልማዱ ማንኪያውን ሲያይ ይስላል፤ ልጁም «አባባ፣ ሳል እኮ የለብህም» ይለዋል። ሽማግሌው ለአፍታ ያየዋል፤ ከዚያ ሁለቱም አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ይስቃሉ፤ ከዚያም ሌሊቱን ሙሉ ማንም ሳይደብቅ ያወራሉ። አንተን የከለከልኩህን ነገር ለአንድ የልብ ወለድ ሰው መስጠቴ በደል ይሁን ካሣ መለየት አቅቶኛል፤ ይህን ልትፈርድ የምትችለው አንተ ብቻ ነህ።

ረቂቁን ወደዚያ በሚመጣው በእህትህ ልጅ እጅ ልኬልሃለሁ። ሌላውን ለማንበብ ጊዜ ቢያጥርህ እንኳ ይህን ምዕራፍ አንብብልኝ፤ ገጽ 112 ላይ ይጀምራል። ይውጣ ካልከኝ ይወጣል።

ወንድምህ