የጌም ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አጥር ሲሰበር ምን እናደርጋለን?

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የሠራው በአንድ ጌም ላይ ነው። ጌሙ ጁራሲክ ዎርልድ ኢቮሉሽን ይባላል። ፍሮንቲየር ዴቨሎፕመንትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ነው። ተጫዋቹ የዳይኖሰር ፓርክ ሥራ አስኪያጅ ይሆናል። አጥር ያጥራል፣ መብራት ይዘረጋል፣ ዳይኖሰር ያስፈለፍላል፣ ጎብኚ ያስተናግዳል፣ ገንዘብ ይቆጣጠራል። ሁለተኛው ክፍል በ2021 ወጥቷል። እኛ ግን ከመጀመሪያው አልተላቀቅንም፤ የምንፈልገው ሁሉ እዚያው ስላለ።

የምንፈልገው ምን ነበር? ዳይኖሰር ሲያመልጥ ተረጋግቶ መሥራት። ፓርክ ማሳመር ማንም ይችላል። ጎብኚው በሞላበት ሰዓት አንድ ሥጋ በል አጥር ጥሶ ሲወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስክሪኑ በቀይ ማስጠንቀቂያ ይሞላል፣ ሰው ይሮጣል፣ አንዱ ልጅ "ማውዙን ስጠኝ!" ይላል፣ ሌላው አይለቅም። ለእኔ ክበቡ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት ነበር። ዳይኖሰር አመለጠ ሲባል ሁሉም ሄሊኮፕተሩ ላይ ይረባረባል። ልጅ ነውና አይፈረድበትም፤ መተኮሱ ደስ ይላል። ዳይኖሰሩ በማደንዘዣ ይወድቃል፣ ሄሊኮፕተሩ አንጠልጥሎ ወደ ግቢው ይመልሰዋል፣ ጭብጨባ ይሆናል። ትንሽ ቆይቶ ያው ዳይኖሰር በዚያው ቀዳዳ ይወጣል። ለካ አጥሩን የጠገነ የለም! ጎብኚዎቹም ያን ሁሉ ጊዜ ሜዳ ላይ ነበሩ።

ስለዚህ ቅደም ተከተል አወጣን። ያወጡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ እኔ ጥያቄ ብቻ ነበር የምጠይቀው። መጀመሪያ የአደጋ ጊዜ መጠለያዎቹ ይከፈታሉ። መጠለያው ሲከፈት ጎብኚው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ገቢም ወዲያው ይቀንሳል። አንዳንድ ልጆች ለዚህ ገቢ ሲሳሱ አይቻለሁ። "ትንሽ እንጠብቅ፣ ወደዚህ ላይመጣ ይችላል" ይላሉ። ዳይኖሰሩ ግን መንገዱን ተከትሎ ይመጣል። ጎብኚ ሲበላ ደግሞ የፓርኩ ደረጃ ዝቅ ይላል፣ ያንን ለመመለስ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ "ትንሽ እንጠብቅ" የሚል ልጅ አልቀረም።

ቀጥሎ ሁለት ሥራ እኩል ይሄዳል። ሄሊኮፕተሩ ወደ ዳይኖሰሩ፣ የጥበቃ መኪናው ወደ አጥሩ። ዳይኖሰሩ ተኝቶ ሳለ አጥሩ ተጠግኖ ማለቅ አለበት። ሄሊኮፕተሩ እንስሳውን ከመሬት የሚያነሳው "አጥሩ አልቋል" የሚል ድምፅ ከተሰማ በኋላ ብቻ ነው። ሁሉም ካለቀ በኋላ መጠለያዎቹን መዝጋት አይረሳም፤ ጎብኚው ካልወጣ ፓርኩ ሥራ አይጀምርም። ብዙ ዳይኖሰር በአንዴ ካመለጠ ደግሞ ሣር በሎቹ ይጠብቃሉ፣ ሥጋ በሎቹ ይቀድማሉ።

በዚህ ዓመት በጣም የኮራሁት ግን በሌላ ነገር ነው። ልጆቹ "ለምን ወጣ?" ብለው መጠየቅ ጀመሩ። በዚህ ጌም ዳይኖሰር አጥር የሚሰብረው ሲከፋው ነው። እያንዳንዱ ዝርያ የምቾት መለኪያ አለው። ደን የሚወድ አለ፣ ሜዳ የሚወድ አለ። ታይራኖሰረስ ሬክስ ግቢው ሲጨናነቅበት አይወድም። ቬሎሲራፕተር ደግሞ የራሱ መንጋ ከሌለው ይጨነቃል። ሬክሱን በብዙ ዳይኖሰር መሃል ብታስቀምጠው፣ ራፕተሩን ብቻውን ብትተወው፣ የምቾት መለኪያው እየወረደ ይሄዳል። አንድ ቀን አጥሩን መግፋት ይጀምራል። መለኪያው ሲወርድ ቀድሞ ይታያል፤ የሚያየው ሰው ከሌለ ግን "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ይሆናል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቡድን አንድ ተማሪ ሥራው ይህን መለኪያ ማየት ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ማንም የማይፈልገው ሥራ ነበር። ዓመቱ ሲጋመስ ግን ወረፋ ይዘው ይለምኑት ጀመር።

ሁለተኛው ምክንያት መብራት ነው። የኤሌክትሪክ አጥር ኃይል ሲቋረጥ ማስፈራቱ ይቀራል። የኃይል ጣቢያው ሲበላሽ የጥበቃ ቡድን ሄዶ ማስነሳት አለበት። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ለሥጋ በሎቹ ግቢ ለብቻው ትንሽ ኃይል ጣቢያ ተከለ፤ ትልቁ ሲጠፋ ትንሹ እንዲቀር። ሌሎቹ "ገንዘብ ማባከን ነው" አሉት። ማዕበል እስኪመጣ ድረስ ነበር ክርክሩ። ሌላ ቡድን ደግሞ በግቢው ዙሪያ ሁለተኛ አጥር አጠረ፤ መሃሉን ባዶ ተወው። የመጀመሪያውን የጣሰ ዳይኖሰር ጎብኚ ጋ ሳይደርስ ባዶው ቦታ ላይ ይቆማል። እዚያው ይደነዝዛል። ብልህ ሥራ ነው፤ ሁሉም ቀዳው።

በጌሙ ውስጥ ስላለችው ፔና ደሴት ሳልጽፍ ባልፍ ልጆቹ ይቀየሙኛል። ፔና ጠባብ ናት፤ ማዕበል ቶሎ ቶሎ ይመታታል። ግቢዎቹ የሚያርፉት እርስ በርስ ተጠጋግተው ነው፤ የአንዱ ችግር ለሌላው ይተርፋል። አንድ ቀን ከሰዓት ማዕበሉ መጣና መብራት ጠፋ፣ አጥር ተሰበረ፣ ሬክሱ ወጣ። ሄሊኮፕተሩን የያዘችው በክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ተኮሰች፣ ሳተች። እንደገና ተኮሰች፣ ሳተች። የሚሮጥ እንስሳ ላይ ሲተኮስ ከፊቱ ቀደም አድርጎ ማነጣጠር ያስፈልጋል።

"ቀደም አድርጊ፣ ቀደም አድርጊ" አላት አጠገቧ ያለው።

"ዝም በል፣ አየሁት። አንተ መብራቱን አስነሳ" አለችው።

ማውዙን ማንም አልነጠቃትም። ሦስተኛው ልጅ መጠለያዎቹን ከፍቶ ጨርሶ ነበር። ሬክስን አንድ የማደንዘዣ ጥይት አይጥለውም። በተከታታይ ስትመታው ተንገዳገደ፣ ከዚያ በጎኑ ወደቀ። ክፍሉ ጮኸ። እሷ ግን አልጮኸችም። "አጥሩስ?" ብላ ጠየቀች። እዚያ ጥግ ላይ ቆሜ ይህቺን ቃል በመስማቴ ምን ያህል እንደተደሰትኩ እዚህ ልጽፍ አልችልም።

ተንኮልም አለ። በጌሙ ውስጥ የሳይንስ፣ የመዝናኛና የጥበቃ ክፍሎች አሉ። ሦስቱም ሥራ ይሰጣሉ፣ ሦስቱም ትኩረት ይፈልጋሉ። አንዱን ችላ ካልከው መብራት እስከ ማጥፋት፣ የግቢ በር እስከ መክፈት የሚደርስ ሻጥር ይመጣል። አጥሩ ደህና፣ ዳይኖሰሩም ደስተኛ ሆኖ ሳለ በሩ ተከፍቶ ሲገኝ ልጆቹ በጣም ተናደዱ። ከዚያ በኋላ ግን ሥራውን ለሦስቱም ማከፋፈል ለመዱ።

ከጌሙ ወጣ ብለን መጽሐፍ የገለጥንበት ጊዜም ነበር። በጌሙ ያለው ቬሎሲራፕተር ትልቅ ነው፣ ቆዳውም ላባ የለውም። እውነተኛው ግን የቱርክ ዶሮ የሚያክል ነበር። ቅሪተ አካሉ የተገኘው በሞንጎሊያ ነው፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1924 ሲሆን፣ በ2007 ደግሞ በክንዱ አጥንት ላይ ላባ የተተከለባቸው ምልክቶች ታይተዋል። ይህን ስነግራቸው አንዷ "ታዲያ ለዚህ ይሄን ሁሉ የብረት አጥር ለምን እናጥራለን?" አለች። ክርክሩ እስከ ደወል ቀጠለ። የተስማማነው እውነተኛው ቢሆን የሚያስቸግረን ኃይሉ ሳይሆን በትንሽ ቀዳዳ ሾልኮ መውጣቱ ነው በሚለው ላይ ነው። ለእሱ አጥር ሌላ ዲዛይን ሠርተው ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል፤ የክበቡ ክፍል ገብታችሁ እዩት።

በሚቀጥለው ዓመት በጌሙ ውስጥ ወዳለችው ሶርና ደሴት እንሄዳለን። እዚያ ተጫዋቹ ገና ሲደርስ ያለ አጥር የሚዘዋወሩ ዳይኖሰሮች ይጠብቁታል። መመዝገብ የምትፈልጉ ለክበቡ ጸሐፊ ስማችሁን ስጡ። ጌም ተጫውቶ የማያውቅም ይምጣ። የምቾት መለኪያውን የሚያይ ሰው ሁሌም ያስፈልገናል።