የወሰዳችሁት አፈር ምን አለ?

ለሐረር፣ ለድሬዳዋና ለአካባቢው ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በአገር ውስጥና በውጭ ለምትኖሩ የአካባቢው ተወላጆች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በግብርና ባለሙያነት ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ፣ ለምርምር የመጡ ሰዎችን አጅቤ ወደ አንድ የማሽላ ማሳ ሄጄ ነበር። ከማሳው አራት ማዕዘንና ከመሐሉ አፈር ቆፍረው አወጡ፣ በባልዲ ቀላቀሉት፣ ከዚያም ጥቂቱን በከረጢት ከትተው ቁጥር ጻፉበትና ባለ ማሳውን አመስግነው ሄዱ። በዓመቱ በዚያው መንገድ ሳልፍ ገበሬው ከሩቅ አይቶኝ ዶማውን ጥሎ ወጣና ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «ያ የወሰዳችሁት አፈር ምን አለ?» ሲል ጠየቀኝ። የሐረርጌን ሰላምታ ርዝመት የሚያውቅ ሰው ጉዳዩ ምን ያህል ከንክኖት እንደነበር ይረዳል። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። የአፈሩ ውጤት በእንግሊዝኛ ተጽፎና ተጠርዞ በመደርደሪያ ላይ መቀመጡን የሰማሁት ጡረታ ልወጣ ስቃረብ ነው።

ይህ ጥሪ የመጣው ከዚያ ጥያቄ ነው። ጡረታ የወጣን መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች፣ ትርጉም የሚችሉ ወጣቶችም ጭምር ተሰባስበን፣ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ስለ አካባቢያችን የተሠሩ ምርምሮችን ሕዝቡ በሚናገራቸው ቋንቋዎች፣ ማለትም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሐረሪና በሶማሊኛ፣ ባለ ሁለት ገጽ ጽሑፍና በስልክ የሚደመጥ ድምፅ አድርገን ለማቅረብ ተነሥተናል። ሥራው የዩኒቨርሲቲው ሳይሆን የነዋሪው ነው። ዩኒቨርሲቲው ለኅብረተሰቡ ምንም አላደረሰም ለማለትም አይደለም፤ የተሻሻለ ዘር ያከፋፍላል፣ የማኅበረሰብ ሬዲዮም አለው። ነገር ግን በዚያ ግቢ የሚሠራው ምርምር እጅግ ሰፊ ስለሆነ፣ አብዛኛው ከመመረቂያ ጽሑፍነትና ከመጽሔት ገጽ አልፎ ወደ ቀበሌ አይወርድም።

ስፋቱን ለማያውቅ ጥቂት ልበል። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ስንሄድ በመንገድ የምናገኘው ይህ ተቋም፣ በጥር 1950 ዓ.ም. ዓለማያ በሚባልበት ዘመን የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ በይፋ ሲመረቅ፣ በአሜሪካ የኦክላሆማ ኮሌጅ እርዳታ የተቋቋመ፣ ስለ እህልና ስለ ከብት የሚጠና ቦታ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የግብርና ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ ከማሽላና ከድንች ሌላ ስለ ሕፃናት ሞት፣ ስለ ሐይቅ መድረቅ፣ ስለ ሕግና ስለ ኢኮኖሚ የሚመራመሩ ሰዎች አሉት፤ የጤናና የሕክምና ሳይንስ ኮሌጁም እዚሁ ሐረር ነው።

ስሙ በዓለም የታወቀው በማሽላ በኩል ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ1973 እ.ኤ.አ. ከዚያ ግቢ ተመርቀው ወጥተው፣ ዋና ሥራቸውን የሠሩት በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ቢሆንም፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት እኛ አቀንጭራ የምንለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው ነው። የአቀንጭራ ዘር እንደ ትቢያ ደቃቅ ሲሆን በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል፤ የሚነቃውም የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ቅመም ሲደርሰው ነው። ከሚቋቋሙት ዝርያዎች አንዳንዶቹ ይህን ቅመም እጅግ ጥቂት ስለሚያመነጩ አረሙ አጠገቡ ምግብ እንዳለ ሳያውቅ ይቀራል። ይህን ለአንድ የአካባቢያችን ገበሬ ባስረዳሁ ጊዜ ራሱን ነቅንቆ «እንግዲህ ማሽላውን ዝም ማሰኘት ነዋ!» አለኝ። ከዚያ የተሻለ ማጠቃለያ በየትኛውም ጽሑፍ አላነበብኩም፤ በእኛ ወረቀት ላይም ርዕስ እናደርገዋለን።

ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን የለውዝ ጉዳይ ነው፤ በሌላው አገር ኦቾሎኒ የሚባለው። በባቢሌ አንዲት እናት ለውዝ ስትፈለፍል አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ። ቅርፊቱ ደርቆ ጣቷን ስለሚያቆስላት በጣሳ ውሃ ታርከፈክፍበታለች፣ ጥቂት ታቆየዋለች፣ ከዚያ በቀላሉ ይፈለፈልላታል። በሚዛንም ጊዜ እርጥቡ ይከብዳል። እርጥበቱ ግን አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ለሚያመነጨው ሻጋታ የተመቸ ነው፤ መርዙም ጉበትን ይጎዳል፣ ለጉበት ካንሰርም ይዳርጋል፣ ቢቆሉትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች በምሥራቅ ሐረርጌ ለውዝ ላይ ይህንኑ ደጋግመው አጥንተዋል። ለዚያች እናት የሚያስፈልጋት መልእክት ግን አራት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው፦ ሳይደርቅ አታከማቺ፣ ስትፈለፍዪ ውሃ አታርከፍክፊ፣ የሻገተውንና የተሸበሸበውን ለይተሽ ጣዪ፣ የጣልሽውንም ለከብት አትስጪ። እጇ እንዳይቆስል በእጅ የሚዞር መፈልፈያ መኖሩንም ማወቅ አለባት፤ አለዚያ ምክራችን የሰው ጣት ያላየ ምክር ይሆናል።

በጤና በኩል፣ በቀርሳ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መዝጋቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ልደትን፣ ሞትንና ስደትን ይመዘግባሉ፤ በኋላም በሐረር ከተማ ተመሳሳይ ምዝገባ ተጀምሯል። በእነዚህ ቦታዎች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሲሞቱ፣ በወላጅ ፈቃድ በመርፌ ጥቂት ናሙና ተወስዶ የሞቱ ምክንያት የሚመረመርበት ጥናትም አለ። ልጅን በቀበሩበት ሰሞን እንዲህ ያለ ፈቃድ መስጠት ምን እንደሚጠይቅ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ለወላጆቹ የልጃቸው ውጤት ይነገራቸዋል። ነገር ግን የሁሉም ልጆች ውጤት ተደምሮ የሚያሳየው፣ የትኛው ሞት ሊቀር ይችል እንደነበር የሚናገረው ክፍል፣ የሚታተመው በእንግሊዝኛ ነው። ያን ፈቃድ የሰጠ ሰፈር ድምሩንም በቋንቋው ሊሰማ ይገባዋል።

የሐረማያ ሐይቅ ታሪክ ለሁላችንም ቅርብ ነው። ሐረር ውሃ ትጠጣበት የነበረው ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ከብት ሲሰማራበት አይተናል፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ውሃው ተመልሷል። በመሐሉ ስለ መስኖ ፓምፑ፣ ከተራራው ታጥቦ ስለወረደው ደለልና ስለ ጫትና አትክልት ማሳው የተጻፈው ብዙ ነው። ምክንያቱን በየቤታችን በግምት ስንከራከር ኖረናል፣ የተለካው ግን ተለክቶ ተቀምጧል።

የድሬዳዋ ወገኖቻችን ሥራው ለሐረር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሌሎች ተቋማት ተመራማሪዎች የተመራ ቢሆንም፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በከተማችሁ በበጋ ስለተነሣው ወባና በቤት በርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ ስለምትራባው አዲስ የወባ ትንኝ የተደረገውን ጥናት ከመጀመሪያዎቹ ርዕሶች መካከል አስገብተነዋል። ከከዚራ እስከ ሳቢያን በርሜሉን በአግባቡ የሚከድን ቤት በበዛ ቁጥር የጽሑፉ ዋጋ ይታያል።

ለመጀመሪያው ዓመት ያሰብነው 24 ርዕሶችን ነው። እያንዳንዱ ጽሑፍ በሦስት ወንፊት ያልፋል፦ ትርጉሙን ተመራማሪው ራሱ ወይም የሙያ ባልደረባው ያርመዋል፤ ከዚያ ጉዳዩ ለሚመለከተው ገበሬ፣ እናት ወይም ነጋዴ ይነበብለታል፤ ያልገባው ቃል ካለ ቃሉ ይለወጣል እንጂ ሰውየው አይወቀስም። ጥናቱ ያላረጋገጠውን አንጨምርም፤ «ሊሆን ይችላል» ያለውንም «ነው» አንልም። ክፍሉን አንድ የጀጎል ነዋሪ ያለ ኪራይ ሰጥተውናል። የሚጎድለን የተርጓሚዎች አበል፣ የኅትመት ወረቀትና ቀለም፣ አንድ የድምፅ መቅጃ፣ ሁለት ኮምፒዩተርና ጽሑፉን ወደ ቀርሳ፣ ወደ ባቢሌና ወደ ድሬዳዋ የገጠር ቀበሌዎች ማድረሻ የትራንስፖርት ወጪ ነው። የኮሚቴው አባላት አበል አንወስድም።

አንድ የፀረ ተባይ መድኃኒት ነጋዴ ስሙ በየወረቀቱ ግርጌ እንዲወጣ ጠይቆ ከፍ ያለ ገንዘብ ሊሰጠን ፈልጎ ነበር፤ አመስግነን መለስነው። ስለ ኬሚካል አጠቃቀም የሚመክር ወረቀት የኬሚካል ሻጭ ስም ከያዘ ገበሬው የትኛውን እንደሚያምን አያውቅም። በዚህም ምክንያት ከአንድ ትልቅ እጅ ይልቅ ከብዙ ትንንሽ እጆች መቀበልን መርጠናል። አንድ ዕድር፣ አንድ አፎቻ፣ አንድ የተመራቂዎች ማኅበር ወይም አንድ ቤተሰብ የአንድን ርዕስ ወጪ ሊሸፍን ይችላል፤ መቶ ብርም እኩል ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ገንዘቡ የሚወጣው በሦስት ሰዎች ፊርማ ሲሆን፣ ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ በክፍሉ በር ላይ ይለጠፋል። ገንዘብ የማይመቸው በትርጉም፣ በንባብ ድምፅ ወይም በመኪናው ሊያግዘን ይችላል፤ በተለይ ሐረሪና ሶማሊኛ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው በእጅጉ እንፈልጋለን።

በዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጥናታችሁን በዚህ አካባቢ ለሠራችሁ ደግሞ የተለየ ጥያቄ አለን። ጽሑፋችሁን ስትልኩልን ናሙና የወሰዳችሁበትን ቀበሌ ስም ጨምራችሁ ላኩ። ወረቀቱ መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ ነው፤ የመጀመሪያው ርዕስም የአፈር ምርመራ እንዲሆን ተስማምተናል።