ለደንበኞቻችን፦ አልፎ አልፎ በስልክ ለምንሰጠው የባለሙያ ምክር ስላወጣነው ዋጋ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ከመጪው መስከረም 1 ቀን ጀምሮ፣ ከድርጅታችን ጋር ዓመታዊ ውል ሳይኖራቸው የሂሳብና የታክስ ምክር በስልክ ለሚጠይቁን ሰዎች የምንሰጠው አገልግሎት በክፍያ ይሆናል። ክፍያው ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት 1,600 ብር፣ ከዚያ በላይ ለሚሄደው ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ ደግሞ 800 ብር ነው፤ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብበት 1,840 ብርና 920 ብር ይመጣል። ብዙዎቻችሁ ለዓመታት ስትደውሉልን የኖራችሁ በመሆናችሁ፣ እዚህ ዋጋ ላይ እንዴት እንደደረስንና የትኛውን ጥያቄ እንደማናስከፍልበት በዝርዝር ማስረዳት ይገባናል ብለን ይህን ደብዳቤ ጽፈናል።

የስልክ ምክር ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ንግግሩ የወሰደው ደቂቃ ነው። ሥራው ግን ከንግግሩ በፊት ይጀምራል፣ ከንግግሩም በኋላ ይቀጥላል። አንድ ነጋዴ ከግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የደረሰውን የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክና «ይህን ልክፈል ወይስ ቅሬታ ላቅርብ?» ብሎ ይደውላል እንበል። በፎቶው ላይ የገንዘቡ መጠን፣ የግብር ዘመኑና ቅጣቱ በግልጽ ይነበባሉ፤ ወረቀቱን የተረከበበት ቀንና ፊርማው ያለበት የታችኛው ጠርዝ ግን ፎቶው ውስጥ አልገባም። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ስለሆነ፣ ባለሙያው ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት ያንን ጠርዝ ማየት አለበት። ከዚያም ግብሩ የተጨመረው ያልተመዘገበ ሽያጭ ተገኝቶ ነው ወይስ የቀረበው ወጪ ውድቅ ተደርጎ የሚለውን ይለያል፤ ወጪው ውድቅ የሆነው በደረሰኙ ጉድለት ከሆነ ደረሰኙ ላይ የጎደለው ምን እንደሆነ፣ ሊሟላ ይችል እንደሆነም ያጣራል። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ንግግሩ ራሱ ሩብ ሰዓት ላይሞላ ይችላል። ባለሙያው ስልኩን ሲዘጋ ደግሞ የተባለውን በጽሑፍ አጠቃልሎ ይልካል፤ በቃል ብቻ የተሰጠ የታክስ ምክር ከሳምንት በኋላ በሁለቱም ወገን በተለያየ መንገድ መታወሱ አይቀርምና።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እንደ ዝቅተኛ ክፍያ ስንወስነው ንባቡን፣ ንግግሩንና የጽሑፍ ማጠቃለያውን አንድ ላይ ቆጥረን ነው። እስከ አሥር ገጽ የሚደርስ ሰነድ ማንበብ በዚሁ ክፍያ ውስጥ ይሸፈናል። የዓመት ሙሉ የባንክ መግለጫ ወይም የሂሳብ መዝገብ ይታይልኝ የሚል ጥያቄ ከመጣ ግን ጉዳዩ ከስልክ ምክር ያለፈ ነውና፣ ሥራውን ከመጀመራችን በፊት የዋጋ ማቅረቢያ እንልካለን።

የሰዓቱን ዋጋ ያወጣነው ከራሳችን ወጪ ተነስተን ነው። የአንድ ባለሙያ የወር ወጪ ደመወዙን፣ አሠሪው የሚከፍለውን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ የቢሮ ኪራዩን፣ የኢንተርኔትና የሶፍትዌር ወጪውን፣ እንዲሁም ሕግ በተለወጠ ቁጥር የሚያስፈልገውን ሥልጠና ያካትታል። ይህ ድምር የሚካፈለው ባለሙያው ቢሮ ውስጥ በሚቆይበት ሰዓት ሁሉ ነው ብሎ የሚያሰላ ድርጅት ዋጋው እጅግ ዝቅ ብሎ ይታየዋል፣ ዓመቱም ሳያልቅ ይከስራል። አዲስ አዋጅና መመሪያ ለማንበብ፣ መሥሪያ ቤት ሄዶ ወረፋ ለመጠበቅ፣ መዝገብ ለማደራጀት የሚሄደው ጊዜ ብዙ ሲሆን፣ ለዚህ ጊዜ ተለይቶ የሚከፍል ደንበኛ የለም። እኛ ወጪውን ያካፈልነው በእርግጥ ለደንበኛ በሚውለው ሰዓት ብቻ ነው።

ለዓመታዊ ውል ደንበኞቻችን የሚታሰበው የሰዓት ዋጋ ከዚህ ያነሰ መሆኑን አንሸሽግም። የእነርሱ ፋይል እኛ ዘንድ ስላለ አንድ ጥያቄ ሲያነሱ ታሪኩን ከሥሩ መጠየቅ አያስፈልገንም፤ ክፍያቸውም አስቀድሞ ስለሚታወቅ የሠራተኛ ዕቅዳችንን በእርሱ እናወጣለን። አልፎ አልፎ የሚደውል ሰው ግን የንግዱን ዓይነት፣ የምዝገባውን ሁኔታ፣ ያለፉትን ዓመታት የግብር ማሳወቂያውን ሁሉ በዚያችው ሰዓት ሊያስረዳን ይገባል። እስካሁን በነጻ ስንመልሳቸው የቆየናቸው ጥሪዎች ወጪያቸው የተሸፈነው የውል ደንበኞቻችን ከሚከፍሉት ነበር፤ ይህ ደግሞ ለእነርሱ ፍትሐዊ አይደለም።

ክፍያው ለምን በየደቂቃው እንደማይቆጠርም ተጠይቀናል። በደቂቃ የሚከፍል ሰው ሰዓቱን እያየ ያወራል፤ ያን ጊዜ የሚያሳጥረው ብዙውን ጊዜ ዋናውን ነገር ነው። «ወንድሜም በዚሁ ፈቃድ ይነግዳል» ወይም «ያንን ዓመት ሂሳብ አላሳወቅሁም» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሚመጣው በንግግሩ መጨረሻ ላይ፣ ሰውየው ዘና ሲል ነው፤ መልሱን ከሥሩ የሚለውጠውም እርሱ ነው። ይህን እንድትነግሩን ጊዜ እንዲኖራችሁ እንፈልጋለን።

ሌላው የቀረበልን ሐሳብ «ከሚቀነስልኝ ግብር ላይ መቶኛ ውሰዱ» የሚል ነው። ይህን አንቀበልም፣ ወደፊትም አንቀበልም። ገቢው ከሚቀነሰው ግብር ጋር የታሰረ አማካሪ «ክፈል፣ ውሳኔው ትክክል ነው» ብሎ ለመምከር ጥቅሙ ይይዘዋል፤ እኛ ደግሞ ለነጋዴ ከምንሰጣቸው ምክሮች ሁሉ ከወለድና ከተጨማሪ ቅጣት ያዳነው ብዙ ጊዜ ይኸው ምክር እንደሆነ አይተናል። ክፍያችን መልሱ ደስ ቢያሰኝም ባያሰኝም አንድ ነው።

የማናስከፍልባቸው ጥያቄዎች አሉ። ጉዳዩ የእኛ ሥራ መሆን አለመሆኑን ለመለየት የሚደረገው የመጀመሪያ አጭር ንግግር በነጻ ነው። የማሳወቂያ ቀን መቼ እንደሚያበቃ፣ የትኛው ቅጽ እንደሚሞላ፣ ወደ የትኛው ቅርንጫፍ መሄድ እንደሚገባ መናገርም እንደ ወትሮው በነጻ ይቀጥላል፤ ይህ ማንም ሊያውቀው የሚገባ የወል መረጃ ነው። ሰነዱን ካየን በኋላ ጉዳዩ በስልክ የማይመለስ ሆኖ ካገኘነው የከፈላችሁትን ሙሉ በሙሉ እንመልሳለን። በሰጠነው የጽሑፍ ማጠቃለያ ላይ ያልገባችሁ ነገር ካለም በአሥር ቀን ውስጥ ደውላችሁ ብትጠይቁ ማብራሪያው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣል። ምክሩ የሚጸናው ግን በነገራችሁን እውነታ ላይ መሆኑን እንድታስተውሉልን እንለምናለን።

ሐምሌ የሥራችን ጭንቅ ወቅት ነው። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ስልካችን ዕረፍት የለውም፤ በዚህ ወር ዋጋ ከፍ እንዲል ከባልደረቦቻችን መካከል ሐሳብ ቀርቦም ነበር። አልተስማማንበትም፤ ነጋዴው በሐምሌ የሚደውለው ሕጉ ቀን ስለቆረጠለት ነው፣ ከዚህ ማትረፍ ለእኛ አግባብ ሆኖ አልታየንም። ዋጋው ዓመቱን ሙሉ አንድ ይሆናል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ቀጠሮ ለማግኘት ጥቂት ቀናት መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል፣ የ21 ቀኑ ጊዜ ሊያልፍበት ለተቃረበ ሰው ደግሞ ቅድሚያ እንሰጣለን።

በውጭ አገር ሆናችሁ አዲስ አበባ ላይ ባከራያችሁት ቤት የኪራይ ገቢ ግብር ጉዳይ የምትደውሉልንም ክፍያችሁ ተመሳሳይ ነው። የዋሽንግተን ሰዓት ከእኛ እንደ ወቅቱ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ወደኋላ ስለሚቀር፣ ማክሰኞና ሐሙስ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12፡00 እስከ 2፡00 አንድ ባለሙያ በቢሮ ይቆያል። የኪራይ ውሉንና የመጨረሻውን የግብር ደረሰኝ አስቀድማችሁ ብትልኩልን ጊዜያችሁ ይቆጠባል።

ቀጠሮ የሚያዘው በቢሮ ስልካችን ወይም በቴሌግራም መልእክት ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ክፍያ በባንክ ወይም በቴሌብር ከቀጠሮው በፊት ይከፈላል፣ ተጨማሪው ጊዜ ከንግግሩ በኋላ ይታሰባል። ለእያንዳንዱ ክፍያ ሕጋዊ ደረሰኝ ስለምንቆርጥ፣ ምክሩ ለንግዳችሁ የጠየቃችሁት ከሆነ በወጪነት መያዝ ትችላላችሁ፤ ለዚህም የንግድ ስማችሁንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁን ቀጠሮ ስትይዙ ንገሩን። ቀጠሮ ለማዛወር ከአንድ ቀን በፊት ማሳወቅ በቂ ነው። እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ የተያዙ ቀጠሮዎች በቀድሞው አሠራር፣ ያለ ክፍያ ይስተናገዳሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅና ባልደረቦች
አዲስ አበባ