መከራን ለማስረዳት አንቸኩል

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

ልጇን የቀበረች እናት ገና እንባዋ ሳይደርቅ «ለበጎ ነው፤ እግዚአብሔር ዓላማ አለው» ስትባል አንገቷን ደፍታ ዝም ስትል አይቻለሁ። ተናጋሪዎቹ ክፋት እንደሌለባቸው ባውቅም፣ ዝምታዋ መጽናናት እንዳልነበረ ፊቷ ይናገር ነበር።

ሐዋርያው ጳውሎስ እግዚአብሔርን ለሚወዱት ነገር ሁሉ ለበጎ እንደሚሆን በሮሜ 8፥28 ሲጽፍ፣ ጥቂት ቀደም ብሎ ፍጥረት ሁሉ በምጥ እንደሚቃትት፣ መንፈስም በማይነገር መቃተት ስለ እኛ እንደሚማልድ ተናግሯል፤ ተስፋውን ከመቃተቱ ነጥሎ መጥቀስ ቃሉን ማጉደል ይመስለኛል። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ በዝምታ ሲቀመጡ መልካም አድርገው ነበር፤ የተሳሳቱት መከራውን ከኃጢአቱ ጋር አያይዘው ማስረዳት በጀመሩ ጊዜ ነው፤ እግዚአብሔርም «ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም» ብሎ ተቆጥቷቸዋል።

ጌታችን ራሱ በመስቀል ላይ «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?» ብሎ የመዝሙረኛውን ቃል ጮኾአል፤ ስለዚህ የሚያዝን ሰው «ለምን?» ማለቱ እንደ እምነት ጉድለት ሊቆጠርበት አይገባም። ለእኔ የመከራ ትርጉም የሚጀምረው ስቃዩ ስለ መጣበት ምክንያት ከሚሰጥ ማብራሪያ ሳይሆን፣ የተሰቀለው ጌታ በስቃዩ ውስጥ ከእኛ ጋር መሆኑን ከማመን ነው። ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ የተቀበለው ፈውስን ሳይሆን «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚለውን ቃል ነበር።

ስለዚህ አገልጋዮቻችን በኀዘን የመጀመሪያ ቀናት ከሚያለቅሱት ጋር እንዲያለቅሱ፣ ኀዘንተኛው በመከራው ውስጥ ያገኘውን ትርጉም ደግሞ በራሱ ጊዜና በራሱ አንደበት እንዲናገር እንዲተዉለት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ ምእመን